ደብዳቤው ያለው ውስጥ ነው

ዛሬስ በቃኝ። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከሠራቸው ሕንፃዎች የአንዱን ውስጥ ለማየት ስንት ጊዜ ልመላለስ? ዛሬ አራተኛዬ ነው። «ደብዳቤ አምጣ!» ከየት? «ከአስተዳደሩ።» አስተዳደሩ የት ነው? «ውስጥ፣ ፎቅ ላይ።» እንግዲያው ልግባ? «ያለ ደብዳቤ አይቻልም!»

ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና እንኳን ጋብዞኛል። በበሩ ስንጥቅ ያየሁት ግን አንጀቴን አሳረረው። ጌጥ ያልበዛበት፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ ደረጃ። መደገፊያው በመዳፍ ብዛት የተወለወለ። ከሥሩ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የፋይል ክምር። የተሰበረ ወንበር ይገባል፣ እኔ አልገባም!

ፎቶስ? ከመንገድ ማዶ ስልኬን ሳወጣ ፊሽካ ተነፋብኝ። ከ80 ዓመት በላይ ዝናብ የላሰውን ግድግዳ ሰልዬ ለማን ልሰጥ ነው? ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኝቻለሁ። ንጉሥ ቤት የገባ እግር ለፋይል መጋዘን አነሰ?

ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴ «ውስጡ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ቀዝቀዝ ይላል» አልኩት። በስንጥቁ የሚወጣውን ነፋስ ማለቴ ነው።