ረሃብን በገመድ መለካት

አየርላንዶች የድንች በሽታ ሰብላቸውን አጥፍቶባቸው ከ1845 እስከ 1852 ያለቁበትን ረሃብ በአይሪሽ ቋንቋ በሁለት ስም ይጠሩታል። አንዱ «አን ጎርታ ሞር» ነው፤ ታላቁ ረሃብ። ሌላው «አን ድሮኺል»፤ ክፉው ዘመን። የኛ አያቶች ከብቱ በደስታ በሽታ ካለቀበት ከ1880 ዓ.ም ወዲህ ያሉትን ዓመታት «ክፉ ቀን» እንዳሉት ማለት ነው። (ከዚህች በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአየርላንድ መንግሥት ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ብሔራዊ መታሰቢያ ያደርጋል። ቦታው ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ቀኑ የሜይ ወር ሦስተኛ እሑድ ነው። ባለሥልጣን ይናገራል፣ ወታደር ሰላምታ ይሰጣል፣ አምባሳደሮች የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ። ለአገር ደረጃ ይህ ደንብ ነው፤ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ትንንሽ ከተሞች ይህንኑ በጥቂት ገንዘብ ሲገለብጡት ነው፦ የኪራይ መድረክ፣ ሦስት ንግግር፣ የተማሪዎች መዝሙር፣ ሻይና ኬክ። ሰዉ ስለ አንድ ሚሊዮን ሟች ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው ማሳ ላይ ስንት ጎጆ እንደነበረ ግን እንደማያውቅ ይቀራል። ይህን ሊነግረው የሚችለው የመንደር ዝክር ብቻ ነበር።

ሥራው የሚጀመረው ከመዝገብ ነው። በ1841 ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ 8.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1851 ወደ 6.6 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የ1851ዱ ቆጠራ ሲታተም በየ«ታውንላንዱ» የሁለቱን ዓመታት የሰውና የቤት ቁጥር ጎን ለጎን ማስፈሩን ነው። ታውንላንድ ከኛ ቀበሌ በብዙ ያነሰ፣ የራሱ ስም ያለው የመሬት ክልል ነው። በየቤተሰቡ የተሞሉት ቅጾች አብዛኞቹ በ1922 ደብሊን የሚገኘው የመዛግብት ቤት ሲቃጠል አብረው ነደዋል። የታተመው ሠንጠረዥ ግን አለ። አንድ ታጋሽ ሰው የአንድ ደብር ታውንላንዶችን በጥቂት ምሽቶች በአምስት ዓምድ መገልበጥ ይችላል፦ ስም፣ የ1841 ሰው፣ የ1851 ሰው፣ የ1841 ቤት፣ የ1851 ቤት። በየታውንላንዱ መግቢያ ሁለቱ የቤት ቁጥሮች የተጻፉበት ሳንቃ ቢተከል ወጪው ከመድረክ ኪራይ አይበልጥም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁለት ቦታ ይሰናከላሉ። አንደኛ፣ በአንዳንድ ታውንላንድ የሰዉ ቁጥር በረሃቡ ዘመን ጨምሮ ይገኛል። ይህን ያየ «እዚህስ ረሃቡ አልደረሰም» ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ታውንላንድ ላይ «ወርክሀውስ» የሚባለው የድሆች መጠለያ መኖሩ ነው፤ የጨመሩት ከየመንደሩ ተጠራርገው የገቡ ረሃብተኞች ናቸው። ሁለተኛ፣ የጎደለው ሰው ሁሉ አልሞተም። አንዱ ካናዳ ሄዷል፣ አንዱ ሊቨርፑል፣ አንዱ ጎጆው ፈርሶበት ወደ ቅርቡ ከተማ ገብቷል። ስለዚህ ሳንቃው ላይ «የሞቱ» ሳይሆን «የጎደሉ» ተብሎ ይጻፍ።

ከመዝገቡ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ገመድ ነው። በ1847 የወጣው የድሆች ሕግ ውስጥ ዊልያም ግሪጎሪ የተባለ የፓርላማ አባል ያስገባው አንቀጽ አለ፦ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ጭሰኛ ትርፉን መሬት ካልለቀቀ ከሕዝብ ገንዘብ ቀለብ አይሰጠውም። ልጆቹን ለማብላት መሬቱን ለባለርስቱ ይመልሳል፤ መሬቱን ሲመልስ ብዙውን ጊዜ ጎጆውም አብሮ ይፈርሳል። ይህን አንቀጽ በንግግር ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሰው ቁሞበት እንዲያየው ማድረግ ግን ቀላል ነው። ሩብ ኤከር 1,012 ካሬ ሜትር ነው፤ በኛ ገበሬ አነጋገር ከግማሽ ጥማድም ያነሰ። ስፋቱ 25፣ ርዝመቱ 40.5 ሜትር ቢሆን ልክ ይመጣል። 131 ሜትር ገመድና አራት ችካል ይበቃል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ነው፤ ሁለቱም 47.6 ሜትር ካልሆኑ አንዱ ችካል ተዛንፏል። የናይለን ገመድ ሲወጠር ስለሚረዝም መለካት ያለበት ከተወጠረ በኋላ ነው፤ ይህ የተዘነጋ እንደሆነ ሩብ ኤከሩ ሳይታወቅ ይሰፋል። ቦታው የመንደሩ የኳስ ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። ሰው በየሳምንቱ የሚያየው ሜዳ ስለሆነ ገመዱ ከሜዳው ምን ያህሉን እንደያዘ ወዲያው ይታየዋል። ማንሃተን ውስጥ በ2002 የተከፈተው የአየርላንድ ረሃብ መታሰቢያ ይህንኑ ልኬት ተጠቅሟል፤ ከማዮ አውራጃ ተነቅሎ የመጣ የድንጋይ ጎጆና የሩብ ኤከር ማሳ አለበት። ገመዱ ግን ያንን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሾርባው። ብዙ ከተሞች በመታሰቢያው ቀን «የረሃብ ሾርባ» ያድላሉ፤ አብዛኞቹ ያበላሹታል። በኤፕሪል 1847 አሌክሲ ሶየር የተባለ፣ ለንደን ውስጥ ለባለጸጎች ክበብ የሚያበስል ፈረንሳዊ፣ ደብሊን ላይ የእንጨት አዳራሽ ሠርቶ የሾርባ ማደያ ከፈተ። አሠራሩ በጽሑፍ ስላለ መገመት አያስፈልግም። ለ9 ሊትር ውኃ የሚገባው 113 ግራም የበሬ ሥጋ፣ 57 ግራም ሞራ፣ ሁለት ሽንኩርትና ጥቂት አትክልት፣ 227 ግራም ዱቄት፣ 227 ግራም የተፈተገ ገብስ፣ 85 ግራም ጨውና 14 ግራም ስኳር ነው። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ካልገባ ይጓጉላል፤ ገብሱ ካልተማሰለ ከድስቱ ሥር ያርራል። የገብስና የስንዴ ምግብ የማይስማማቸው ስላሉ ዕቃው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በ100 ሚሊ ሊትር ኩባያ ከተቀዳ ዘጠና ሰው ይቀምሳል።

ወጥ ቤቱ የሚሳሳተው ግን «እንዲህማ አይቀርብም» ብሎ ሥጋውን እጥፍ ሲያደርግ፣ ክሬምና ቅመም ሲጨምር ነው። ሰው እየጣመው «ደህና ሾርባ ነበራቸው» ብሎ ይሄዳል። ሾርባው እንደ ተጻፈው ይሠራ። ከጎኑም ሒሳቡ ይለጠፍ፦ ያኔ ለአንድ ሰው ትሰጥ ከነበረችው፣ አንድ ሊትር ከምታልፍ ድርሻ የሚገኘው 300 ካሎሪ ገደማ ነው። ከድንች በሽታው በፊት አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን እስከ 6 ኪሎ ድንች ይበላ ነበር፤ ያ ከ4,000 ካሎሪ በላይ ነው። የመንግሥት የሾርባ ማደያዎች በጁላይ 1847 በቀን 3 ሚሊዮን ሰው ያህል መግበዋል፤ በዚያው መኸር ግን ተዘጉ። ሰዉን ያተረፈው ሥራ ገና ሳይደላደል ስለ መዘጋቱ በየመንደሩ ዝክር ላይ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም።

በሶየር አዳራሽ ሌላም ነገር ነበረ። ደወል ሲደወል መቶ ሰው ይገባል፤ በየወንበሩ ፊት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ማንኪያው እንዳይሰረቅ በሰንሰለት ታስሯል። እንደገና ሲደወል መቶው ይወጣል፣ ሌላ መቶ ይገባል። በመክፈቻው ቀን የደብሊን መኳንንት ረሃብተኛ ሲበላ ለማየት አምስት ሽልንግ እየከፈሉ ገብተዋል፤ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ነው ተብሎ። ስለዚህ ሕፃናትን ቡትቶ አልብሶ፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብቶ ዋናው መንገድ ላይ ማሰለፍ ያንኑ የአምስት ሽልንግ ትርኢት መድገም ነው። ተመልካቹ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። አንዲት ማንኪያ በሰንሰለት አስሮ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ከዚህ ሁሉ ሰልፍ ይበልጣል።

የእግር ጉዞ ከተነሳ ሁለት የሚጠቀሱ አሉ። ሮስኮመን አውራጃ ከሚገኘው ስትሮክስታውን በ1847 ባለርስቱ ያሰናበታቸው 1,490 ጭሰኞች የሮያል ቦይን ዳር ዳር ይዘው በእግራቸው ደብሊን ገብተዋል። ከዚያ ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያ በአራት መርከብ ወደ ኩቤክ። ከመርከቦቹ አንዷ «ቨርጂኒየስ» 476 ሰው ጭና 158ቱ ባሕር ላይ ሞቱ። ዛሬ ያ መንገድ 165 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተከልሏል፤ በየቦታው የሕፃን ጫማ የሚመስሉ የነሐስ ቅርጾች ቆመዋል። ጥንዱ ጫማ የተቀዳው ከአሮጌ ጎጆ ጣሪያ ውስጥ ከተገኘ እውነተኛ ጫማ ነው። ሙሉውን መንገድ በስድስት ቀን መጨረስ በቀን 27.5 ኪሎ ሜትር መሄድ ነው፤ በቦዩ ዳር ያሉ መንደሮች የራሳቸውን ቁራጭ ብቻ ቢሄዱ፣ ያንኑም ለሚቀጥለው መንደር ቢያስረክቡ ይሻላል።

ሁለተኛው ዱሎክ ነው፤ ማዮ አውራጃ። በማርች 1849 መጨረሻ ቀለብ ተቀባዮች ለምዝገባ ምርመራ ሉዊስበርግ እንዲቀርቡ ታዘዙ። መርማሪዎቹ ግን ዴልፊ ወደሚባል የአደን ማረፊያ አለፉ፤ «ነገ ጠዋት እዚያ ቅረቡ» ተባለ። 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በተራራና በሐይቅ መካከል፣ በበረዷማ ነፋስ። በመንገድ የወደቁ ወደቁ። ከ1988 ጀምሮ «አፍሪ» የሚባል ድርጅት በየዓመቱ ያንን መንገድ ያስኬዳል፤ በ1991 ጳጳሱ ዴዝመንድ ቱቱ አብረው ተጉዘዋል።

ዱሎክ የቁጥርም ትምህርት ነው። በአፈ ታሪክ 400 ሰው ሞተ ይባላል። በዚያው ጊዜ ለማዮ ጋዜጣ የተላከ ደብዳቤ ግን መንገድ ዳር ሰባት አስከሬን መገኘቱንና ሌሎችም ቤታቸው አለመድረሳቸውን ነው የሚናገረው። አዘጋጆች ትልቁን ቁጥር የሚመርጡት ትንሹ የሚያንስባቸው ስለሚመስላቸው ነው። ኋላ አንድ ተጠራጣሪ መጥቶ አራት መቶውን ሲያፈርሰው ሰባቱም አብረው ይፈርሳሉ። ቾክቶ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስጦታም እንዲሁ ነው፤ ራሳቸው ከምድራቸው ተነቅለው በተሰደዱ በ16 ዓመት ውስጥ በ1847 ለአየርላንድ ያዋጡት 170 ዶላር ነበር። አሃዙ ተገላብጦ ለረጅም ጊዜ 710 ሲባል ኖሯል። ሚድልተን ከተማ፣ ኮርክ አውራጃ፣ ዘጠኝ ግዙፍ የብረት ላባ አቁማ ታመሰግናቸዋለች፤ 170ው ራሱ በቂ ነው።

ስለ ስደቱ ሲነሳ ወንዱና መርከቡ ይበዛል። ከ1848 እስከ 1850 ከወርክሀውሶች ተመርጠው ወደ አውስትራሊያ የተላኩት 4,114 ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ግን በብዙ መንደር አይወሱም፤ ሲድኒ ውስጥ ግን ከ1999 ጀምሮ መታሰቢያ አላቸው። ለእያንዳንዷ የእንጨት ሣጥን ይሰጣት ነበር፤ በውስጡም ስድስት የውስጥ ቀሚስ፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ቀሚስ። ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አጣጥፎ ሊያሳይ ይችላል። ለአንዳንዷ በሕይወቷ ያገኘችው ከፍተኛ ሀብት ያ ሣጥን መሆኑ ሲታይ የተመልካቹ ግራ መጋባት ደስ ይላል፤ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ድንች እንትከል ለሚሉ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። በዚያ ዘመን የሚበላው «ላምፐር» የተባለው ዝርያ ዛሬም ዘሩ ይገኛል፤ በሽታውን ግን አይቋቋምም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ፣ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 90ና ከዚያ በላይ ሆኖ 12 ሰዓት ከቆየ በሽታው ይነሳል። ቅጠሉ እንደጠቆረ ግንዱን ቆርጦ ማስወገድ ነው፤ «ለታሪክ ይቆይ» ቢባል የጎረቤቱን ማሳ ያስጨርሳል። የኛን ደጋ ድንችም የሚጨርሰው ይኸው በሽታ ነው።

የሚከብደው ግን የተጠቀመውን መጥራት ነው። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ሹም ቻርልስ ትሬቬልያን በየመድረኩ ይወገዛል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የወርክሀውሱን የየሳምንት ቃለ ጉባኤ የገለጠ ሰው የሚያገኘው የአካባቢውን ሰዎች ስም ነው፦ ግብር እንዳይጨምር የተከራከረው ነጋዴ፣ ዱቄት በዱቤ ሰጥቶ መሬት የወሰደው፣ የተፈናቀለ ጎረቤቱን ማሳ ከራሱ የቀላቀለ ገበሬ። የነሱ የልጅ ልጆች ዛሬ ከኮሚቴው ውስጥ ተቀምጠው ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ይዘለላል። ስም ጠርቶ ማዋረድ አያስፈልግም፤ ቃለ ጉባኤውን እንዳለ፣ ከቀኑና ከውሳኔው ጋር ማንበብ ይበቃል።

የኛ ሰዎች በአየርላንድ ከተሞች እየበዙ ነው፤ ወደነዚህ ዝክሮች ሲጋበዙ ብዙውን ጊዜ ቡና አፍልተው እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ቡናው ይቅረብ። ግን የ1984ቱን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው ካለ ሰልፉን እንዲናገር ይጠየቅ። ኮረም ላይ ስንዴ የሚጠብቀው ሕዝብ መጀመሪያ የሚሰለፈው ለመመዝገብ ነበር። ሉዊስበርግ የቆሙትም ለዚያው ነው።