ሮም የሚባል ወደብ የለም

ደረቴ ላይ ክብ ተለጣፊ ወረቀት አለ። 14 ይላል፤ የጉብኝት ቡድኔ ቁጥር ነው። ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የክሩዙ፣ ማለትም ከወደብ ወደብ መንገደኛ የሚያዞረው የመዝናኛ መርከብ፣ ቲያትር አዳራሽ እንቅልፉን ባልጨረሰ ሰው ተሞልቷል። አንዲት ልጅ ማይክ ይዛ ትጣራለች፦ «ቁጥር 11! ቁጥር 12!» የጉዞው መርሐ ግብር የዛሬውን ወደብ «ፍሎሬንስ» ብሎታል። በመስኮት የሚታየው ግን ክሬንና ኮንቴነር ነው። ያለነው ሊቮርኖ ነው። ፍሎሬንስ ከዚህ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ቀኑ እንዴት እንዳለቀ ላሳጥረው። አንድ ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ። ከዚያ ዣንጥላዋን ወደ ላይ ያነሳች አስጎብኚ ከፊት፣ አርባ የምንሆን ሰዎች ከኋላ። ቀጥሎ «መጸዳጃ ቤት አለው» ተብለን የገባንበት የቆዳ ዕቃ መደብር፤ እዚያ 40 ደቂቃ ሄደ። ምሳ በችኮላ። የማይክል አንጄሎን «ዳዊት» አየሁት፤ አደባባዩ ላይ የቆመውን ቅጂ ማለቴ ነው። ዋናው ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ ሙዚየም ውስጥ ነው። የእዚያን ሰልፍ ደግሞ በእኛ ሰዓት መድፈር አይታሰብም። «ነጻ ጊዜ» ተብሎ የተሰጠን 50 ደቂቃ ነበር። ግማሹን መንገድ ስጠይቅ ጨረስኩት።

በማንም አልፈርድም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ይህን ጉዞ ስይዝ የመዋኛ ገንዳውን አይቻለሁ። የምግብ ቤቶቹን ብዛት ቆጥሬያለሁ። የመኝታ ክፍሌ (ካቢን) በረንዳ ይኑረው አይኑረው ሳምንት ሙሉ ተጨንቄበታለሁ። በየወደቡ ለስንት ሰዓት መሬት ላይ እንደምቆይ ግን አንድም ቀን አላሰላሁም። ስለዚህ ክሩዝ ልሄድ ነው የሚል ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው የየብስ ሰዓትህን ቁጠር ነው። የመርከቡ ነገር ኋላ ይደርሳል።

የከተሞቹ ስም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በክሩዝ ቋንቋ «ሮም» ማለት ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ፓሪስ» ሲሉ ለ አቭር ማለታቸው ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር። «በርሊን» የሚሉት ቫርነሙንደን ነው፤ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በርሊን ለመድረስ ወደ ሦስት ሰዓት መጓዝ አለባችሁ። «ለንደን» ሳውዝሃምፕተን፣ «ባንኮክ» ላም ቻባንግ ነው። የወደቡ ትክክለኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ዋሹን ማለት አይቻልም። ግን ማን ያነበዋል?

እስቲ አንዱን አብረን እናስላ። መርከቡ ቺቪታቬኪያ ጠዋት 1 ሰዓት ደርሶ ምሽት 1 ሰዓት ይነሳል እንበል። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሲሰሙት ያጠግባል። ለመውረድ አንድ ሰዓት ያዙለት። ከመርከቡ እስከ ባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያው እስከ ሮም አንድ ሰዓት ተኩል፤ መመለሻውም እንደዚያው። ተሳፋሪ ሁሉ መርከብ ላይ መገኘት ያለበት ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ባቡር ቢዘገይስ? አንድ ሰዓት መጠባበቂያ። ሲደመር አምስት ሰዓት ተኩል። የቀራችሁ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ለሮም አይበቃም፤ ግን ኮሎሲየም ገብቶ፣ ትሬቪ ምንጭ ላይ ሳንቲም ወርውሮ፣ ተረጋግቶ ምሳ ለመብላት ይሆናል።

በዚሁ ሒሳብ ፓሪስን ሞክሩት። አውቶቡሱ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ሊበላ ይችላል። የሚተርፈው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በሦስት ሰዓት ተኩል ፓሪስን አየሁ ማለት ያው አይፍል ማማን በአውቶቡስ መስኮት ፎቶ ማንሳት ነው። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለ አቭር ግን ራሷ የምትታይ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈራርሳ ኦገስት ፔሬ በሚባል አርክቴክት መሪነት በኮንክሪት እንደ አዲስ ተሠራች። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ መዝግቧታል። ክሎድ ሞኔ ደጋግሞ የሳላቸው የኤትረታ ነጫጭ ገደሎች ደግሞ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር አይሞሉም። እኔን ብትጠይቁኝ እዚያ ነው የምሄደው። ፓሪስ ሌላ ጊዜ፤ በአውሮፕላን።

ሁሉም ወደብ እንዲህ ሩቅ አይደለም። የግሪኳ ሮድስ ደሴት ላይ ከመርከቡ ወርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ ስትራመዱ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ሥር ናችሁ። የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ ውስጥ 58 ሜትር ከፍታ ያለው ሊፍት ከባሕሩ ዳር አንስቶ ከተማው መሃል ያደርሳችኋል። ሞንቴኔግሮ ውስጥ ኮቶር ላይ የከተማው በር ወደቡ ፊት ለፊት ነው። ከበላዩ ያለውን ምሽግ ማየት ለሚፈልግ ከ1,300 በላይ ደረጃ ይጠብቀዋል፤ ጉልበት ያለው ይሞክር። ከፒሬየስ ወደብ አቴንስ በሜትሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እንደዚህ ባሉ ወደቦች ለአውቶቡስ ጉብኝት መክፈል ገንዘብ መጣል ይመስለኛል። ጥሩ ጫማና ከመርከቡ ከመውረዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ካርታ ይበቃል።

ታዲያ መርከቡ የሚሸጠውን ጉብኝት መግዛት መቼ ነው የሚያዋጣው? ሁለት ቦታ ላይ እላለሁ። አንደኛው ከተማው ከወደቡ ሲርቅ ነው። በመርከቡ በኩል የገዛችሁት ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል። መጠበቅ ካልቻለም በራሱ ወጪ ቀጣዩ ወደብ ያደርሳችኋል። በግል ሄዶ ለዘገየ ሰው ግን ማንም መልሕቅ አይጥልም። ይህ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ማርች መጨረሻ ላይ ስምንት ተሳፋሪዎች በሳኦ ቶሜ እና ፕሪንሲፔ በግል ጉብኝት ላይ ሳሉ መሽቶባቸው መርከቡ ሳይገቡ ቀሩ። የአገሩ የባሕር ጠባቂዎች በጀልባ መርከቡ አጠገብ አደረሷቸው፤ መልሕቁ ገና አልተነሳም ነበር። ካፒቴኑ አላስገባም አለ። ጋምቢያ ላይ ሊይዙት አገር ላገር ሲባዝኑ መርከቡ ባሕሩ ስለጎደለ ጋምቢያን ዘሎ አለፈ። በመጨረሻ ያገኙት ዳካር ላይ ነው። አስቡት፤ መርከቡን በዓይናቸው እያዩት ነው የቀሩት።

ሁለተኛው ቦታ መርከቡ መጠጊያ የሌለው ወደብ ነው። እዚያ ባሕር ላይ ቆሞ ሰውን በትናንሽ ጀልባዎች ያመላልሳል፤ ቴንደር ይሏቸዋል። ጉብኝት የገዛ ቀድሞ ይወርዳል፤ ሌላው ቁጥር ይዞ ይጠብቃል። የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ዋናው ምሳሌ ናት። ከአሮጌው ወደብ እስከ ፊራ ከተማ ያለው አማራጭ የኬብል መኪና፣ 588 ደረጃ ወይም አህያ ነው። አምስት መርከብ በአንድ ቀን ሲገጥም ከላይ ቁልቁል የሚታየውን ሰልፍ አትጠይቁኝ። ደሴቲቱ ከ2025 ጀምሮ የመርከብ ጎብኚዎችን በቀን 8,000 ላይ ገድባለች። ግሪክም በዚያው ዓመት እዚያና ሚኮኖስ የምትባል ሌላ ደሴቷ ላይ ለሚወርድ ተሳፋሪ በከፍተኛው ወቅት 20 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። ስለዚህ ቀን ስትመርጡ የእናንተን መርከብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ሌላ ማን እንደሚቆም እዩ። የወደቦች የመርከብ መግቢያ ፕሮግራም ከወራት በፊት ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። እኔ አሁን ከካቢን በፊት የማየው እሱን ነው።

ከእነዚህ ሁለት ቦታ ውጭ በግል መሄድን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው አይስማማም፤ «ቢያንስ መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምከራከረው። ጉብኝቱን የሚያካሂደው አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ሳይሆን የአካባቢው አስጎብኚ ድርጅት ነው። የትኬቱን ውል ብታነቡት «ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው፤ ለሚደርሰው ጉዳት እኛ ኃላፊ አይደለንም» የሚል አንቀጽ አታጡም። ኒውዚላንድ ውስጥ ዋካሪ የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2019 ስትፈነዳ 47 ሰዎች ላይዋ ነበሩ፤ 22ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ከአንድ የክሩዝ መርከብ የወረዱ ነበሩ። የእሳተ ገሞራው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ 2 ከፍ ብሎ ነበር፤ ጉብኝቱ ግን አልቆመም። የመርከቡ ዋስትና መርከቡ ጥሏችሁ እንዳይሄድ ነው። ከዚያ ያለፈውን ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማወቅ አለባችሁ። ጀልባው የነፍስ አድን ጃኬት አለው? ዚፕላይን (በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት) ከሆነ ማን ነው የሚፈትሸው? የአየር ሁኔታው ቢበላሽ ያቆማሉ ወይስ «ምንም አይልም» ይላሉ?

መርከቡ የሚሸጠው ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ፍሎም ላይ ከመርከቡ ትወርዱና ባቡር ጣቢያው እዚያው ነው። ባቡሩ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ860 ሜትር በላይ ይወጣል። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። በራሳችሁ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ ከመርከቡ ግዙ። ለእንዲህ ያለ ነገር ጥቂት ጨምሮ መክፈል አይቆጭም።

ቪዛ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሼንገን ለሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቀጠና ቪዛ የሚጠየቅበት ፓስፖርት የያዘ ሰው ከባርሴሎና ተነስቶ፣ ቱርክ ኩሻዳሲ ወርዶ፣ መልሶ ኔፕልስ የሚገባ ጉዞ ሲይዝ ከሼንገን ወጥቶ ተመልሶ መግባቱ ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል። ቱርክም የራሷን ቪዛ ልትጠይቅ ትችላለች። «መርከቡ ላይ ነኝ፤ አልወርድም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ወረቀቱ ካልተሟላ መጀመሪያውኑ ሳያሳፍሯችሁ ሊቀሩ ይችላሉ። ትኬቱ ከመከፈሉ በፊት የየወደቡን አገር አንድ በአንድ አጣሩ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። መርከቡ ከሚነሳበት ከተማ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ በረራ ይዘገያል። በግል የምትይዙት ጉብኝት መርከቡ ወደቡን ቢዘል ገንዘቡን የሚመልስ ይሁን። ንፋስ ሲነሳ ካፒቴን ወደብ ይዘላል፤ ውሉም ይፈቅድለታል። ስልካችሁ በራሱ ወደ አገሩ ሰዓት ሊቀየር ይችላል፤ መርከቡ ግን የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። ለዚህ አሮጌ የእጅ ሰዓት የሚያህል የለም።

ባለፈው ዓመት ሌላ መርከብ ላይ ሆኜ ሊቮርኖ ተመለስኩ። አሁንም ወረቀቱ «ፍሎሬንስ» ይል ነበር። ሦስት ሰዓት ድረስ ተኛሁ። የወደቡ አውቶቡስ መሃል ከተማ ጣለኝ። ኑኦቫ ቬኔዚያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በውኃ ቦዮቹ ዳር ስዞር ጀልባውን ቀለም የሚቀባ አንድ ሽማግሌ በእጁ ምልክት ዞር በል አለኝ፤ ለካ ብርሃኑን ጋርጄበት ነው። ምሳ ካቹኮ በላሁ፤ የሊቮርኖ የዓሣ ወጥ ነው፤ ከሥሩ የተጠበሰ ዳቦ አለው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እግሬን ታጥቤ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ይደርሳሉ። ሰዎቹ የቆዳ መደብሩን ከረጢት አንጠልጥለው ይወርዳሉ። አንዱ ሰውዬ ቁጥሩ አሁንም ደረቱ ላይ ነበር። ከላይ ሆኜ ላነበው ሞከርኩ፤ አልታየኝም።