ስለ አድፍጦ ማደን ለወጣው ጽሑፍ ማስተካከያ

ባለፈው ጽሑፍ ሁለት ነገሮች ተሳስተው ወጥተዋል። አንዱ «ከማድፈጫ ሆኖ ለሚተኩስ ሰው አስተማማኙ ዒላማ ጭንቅላት ነው» የሚለው ነው። አይደለም። የእንስሳ ጭንቅላት አርፎ አይቀመጥም፣ አንጎሉም ትንሽ ነው። ጥይቱ ለጥቂት ከሳተ መንጋጋ ይሰብራል። እንስሳው አምልጦ በረሃብ ይሞታል። ይሄ ግፍ እንጂ አደን አይባልም። ትክክለኛው ዒላማ ልብና ሳንባ ነው። ጎኑን ሰጥቶ እስኪቆም ይጠበቅና ከወርቹ ኋላ፣ ዝቅ ተብሎ ይተኮሳል። ከበስተኋላው ሌላ እንስሳ ወይም እረኛ ካለ ግን ጣት ከቃታው ይራቅ።

ከተተኮሰ በኋላም ዘሎ መውጣት የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ደሙ ይታያል። ደማቅ ቀይ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባው ተመቷል፣ ሩቅ አይሄድም። ፈርስ ከተቀላቀለበት ሆዱ ነው የተመታው። ያኔ ሰዓታት መታገስ ነው። ቶሎ ከተከተሉት ከተኛበት ተነስቶ ይጠፋል።

ሁለተኛው የፈቃድ ነገር ነው። «መሣሪያው ሕጋዊ ከሆነ ይበቃል» ተብሎ ነበር። አይበቃም። የጠመንጃ ፈቃድ ሌላ፣ የአደን ፈቃድ ሌላ። በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ስለዚህ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ድኩላ ፍለጋ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ለመውጣት ያሰበ ካለ ይተወው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ካሜራ ይዞ ቢሄድ ግን ጭላዳ ያያል፣ ከቀናው ቀይ ቀበሮም።