ከዕዳው በፊት የስንብት ክፍያችሁን ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ስለ ዕዳ ላነበብኩት ጽሑፍ ምላሽ ነው። ጽሑፉ ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ የተቀነሱ ሰዎች በብድር ላይ ብድር እየደራረቡ መሆኑን በደንብ አሳይቷል፤ ከየት እንደሚጀመር ግን አልነገረንም። አብሽሩ፣ መውጫ አለው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ገንዘብ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ ያገኛል፤ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ግን በይርጋ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ "ነገ እንከፍላለን" እየተባለ ቀኑ ያልፋል።

የቡድን ዋስትና ብድር ያለባችሁ፣ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ያበዳሪው ተቋም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቁ። ዝም ካላችሁ ዕዳው የሚያርፈው ዋስ በሆኑት ጎረቤቶቻችሁ ላይ ነው።

አራጣ ለመክፈል ሌላ አራጣ አትበደሩ። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ሲታሰብ የዓመት ወለዱ ብቻ 24,000 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ፣ ማለትም 2,400 ብር ነው። አራጣ አበዳሪ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ፣ ሁሉንም ዋና ገንዘብ አስመስሎ አዲስ ውል ያስፈርማል። ያንን ወረቀት በፍጹም አትፈርሙ፤ ፍርድ ቤት ስትደርሱ የሚቀርብባችሁ እሱ ነው። የቅሬያችሁን (የዕድራችሁን) ሽማግሌዎች ይዛችሁ ዋናውን በየወሩ ለመክፈል ተነጋገሩ፤ ክፍያውም በባንክ ይግባ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።