ከእግዚአብሔር ጋር በዱቤ መዝገብ የምትተሳሰቡ ሆይ

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ለጆሮ አይጥምም፤ ግን መባል አለበት። «የዳንነው በጸጋ ነው» ትላላችሁ፣ ትዘምሩታላችሁ፣ ጽፋችሁም ግድግዳ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። ልባችሁ ውስጥ ግን የዱቤ መዝገብ ተዘርግቷል፤ በአንዱ ገጽ ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ምጽዋቱና አገልግሎቱ ይሰፍራል፣ በሌላው ገጽ በደሉ። ሳምንቱ ደህና ካለፈ ደረታችሁን ነፍታችሁ ትጸልያላችሁ። የወደቃችሁ እንደሆነ ግን «ትንሽ ልሰንብት፣ መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል» ብላችሁ ከፊቱ ትሸሻላችሁ። ይህን እምነት ብላችሁ አትጥሩት። ሒሳብ መተሳሰብ ነው፤ አለፍ ሲልም ጉቦ ነው።

ጳውሎስ ይህን መዝገብ የዘጋው በሮሜ 4፥4-5 ነው። ለሚሠራ ሰው ደመወዝ ዕዳ እንጂ ስጦታ ሆኖ አይቆጠርለትም፤ ለማይሠራ ግን፣ ኃጢአተኛውን በሚያጸድቀው ለሚያምን፣ እምነቱ ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርለታል ይላል። ልብ አድርጋችሁ አንብቡት፤ የሚጸድቀው ኃጢአተኛው ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ደህና ሰው ለመሆን ትለፋላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ለመቅረብ። እንዲያ ከሆነማ የሚጸድቅ ኃጢአተኛ ከየት ይመጣል?

ጳውሎስ አብርሃምን በምስክርነት ሲጠራም ጊዜውን ቆጥሮ ነው። አብራም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት የሚለው ቃል ዘፍጥረት 15፥6 ላይ ይገኛል። እስማኤል የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ በምዕራፍ 16፣ አባቱ 86 ዓመት ሲሆነው ነው። ግዝረት የመጣው በምዕራፍ 17፣ በ99 ዓመቱ። እንግዲህ አብርሃም ጽድቅ ከተቆጠረለት በኋላ ከ13 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሳይገረዝ ኖሯል ማለት ነው። ሕጉማ፣ በገላትያ 3፥17 እንደተጻፈው፣ ከተስፋው 430 ዓመት ዘግይቶ ነው የደረሰው። ያኔ ያልነበረ ነገር ለአብርሃም ጽድቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የጳውሎስ ክርክር በሙሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ወንጌሉን ገልብጧል።

«ሥራው ባይበቃም የተወሰነውን ይሸፍናል» የምትሉም አላችሁ። አይሸፍንም። ሕግን ሁሉ ጠብቆ በአንዱ የተሰናከለ በሁሉ በደለኛ ነው (ያዕቆብ 2፥10)። ከመቶ ዘጠናውን ያመጣ የሚያልፍበት ፈተና አይደለም። ቀሪውን አሥር ክርስቶስ ይሞላልኛል የሚል ደግሞ መስቀሉን የጎደለ ማሟያ አደረገው። ጽድቅ በሕግ በኩል ከሆነ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ የሚለውን የገላትያ 2፥21ን ቃል እያያችሁ እንዴት እንደምትደፍሩት ይገርማል።

በሉቃስ 18 ያለውን ፈሪሳዊ ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሕጉ ለሕዝቡ ሁሉ ያዘዘው የጾም ቀን በዓመት አንድ ነው፣ የማስተስረያው ቀን (ዘሌዋውያን 16)። እርሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፤ በዓመት ሲደመር ወደ 100 ቀን ይደርሳል። ከገቢው ሁሉ አሥራት ያወጣል። ደግሞም ሲጸልይ የጀመረው «እግዚአብሔር ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው! በአፉ ለአምላኩ ምስጋና ሰጥቷል፤ ጸጋን የካደ አይመስልም። የተያዘው በሌላ ነገር ነው። ጌታ ምሳሌውን የተናገረው በራሳቸው ለሚታመኑና ሌሎችን ለሚንቁ መሆኑ ቁጥር 9 ላይ ተጽፏል። ንቀት አይደበቅም። «እንደዚህ ቀራጭ ያልሆንሁ» ያለበት ቅጽበት መዝገቡን አጋለጠው። እናንተም የገዛ መዝገባችሁን ልታገኙ ከፈለጋችሁ፣ ከማን እንደምትሻሉ በሆዳችሁ የምትቆጥሩበትን ሰዓት ያዙ።

ከዚህ ንቀት አንዱ መልክ በእምነት ስለመዳን የሚሰብኩት ሌላውን ቤተ ክርስቲያን የሚዘልፉበት ነው። «እነርሱ በሥራ ይድናሉ» ትላላችሁ፣ ሳታጣሩ። ሰው በገዛ ኃይሉ መዳን ይችላል የሚለውን የጥንቱን መምህር የጰላግዮስን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ418 የካርታጎ ጉባኤ፣ በ529 የኦራንዥ ጉባኤ አውግዘውታል፤ በ431 የኤፌሶን ጉባኤም ተከታዩን ኬለስትዮስን አውግዟል። ከ1517 በኋላ የተሐድሶውን መሪ ማርቲን ሉተርን የተቃወመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እንኳ በ1547 ስለ መጽደቅ ካወጣቸው ውግዘቶች የመጀመሪያው፣ ሰው ያለ ጸጋ በራሱ ሥራ ይጸድቃል በሚል ላይ ነው። ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። መጽደቅ የሚቆጠርልን ጽድቅ ብቻ ነው ወይስ የውስጥ መታደስም ነው፣ በመልካም ሥራስ ያድጋል ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። የምሥራቅና የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትም ጸጋና የሰው ፈቃድ አብረው እንደሚሠሩ ያስተምራሉ። ሉተራውያንና ካቶሊኮች ኦክቶበር 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ የፈረሙት ከረጅም ዓመታት ውይይት በኋላ ነው። እናንተ ግን በአንድ ስድብ ትጨርሱታላችሁ። በትክክለኛ ትምህርት መመካትም መመካት ነው፤ ኤፌሶን 2፥9 «ማንም እንዳይመካ» ሲል እናንተን አልለየም።

ሌላው ብልሽት እምነትን ራሱን ሥራ ማድረግ ነው። «እምነትህ ስላነሰ ነው» እያላችሁ የታመመውንና ያዘነውን የምታስጨንቁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። እምነት የሚያድነው ስለጠነከረ አይደለም፤ የታመነበት ጌታ የሚያድን ስለሆነ ነው። በማርቆስ 9፥24 ያለው አባት «አምናለሁ፣ አለማመኔን እርዳው» አለ፤ ልጁም ተፈወሰ። የተሐድሶ መምህራን በእምነት ውስጥ ሦስት ነገር ይለያሉ፦ ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ ራስን ጥሎ መታመን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጋንንትም አላቸው፤ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል (ያዕቆብ 2፥19)። የጎደላቸው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ራሳችሁን ስትመረምሩ «ምን ያህል አምናለሁ» ብላችሁ ሙቀታችሁን አትለኩ፤ በማን ላይ እንደተደገፋችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ «በእምነት ድኛለሁ» ብላችሁ የሰው ደመወዝ ወደምትይዙ፣ በሐሰት ወደምትመሰክሩ፣ ሚስታችሁን ወደምትደበድቡ። ጸጋ ለእናንተ የበደል ፈቃድ ሆኗል። በሁለት ቢላ ትበላላችሁ። ያዕቆብ የተነሣው በጳውሎስ ላይ ሳይሆን በእናንተ ላይ ነው። ልብስና የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደህና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ሰው እምነት ነው የሞተ ያለው። ያዕቆብ የጠቀሰው የአብርሃም ሥራ ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ማቅረቡ ነው፤ ያ ዘፍጥረት 22 ነው፣ ጳውሎስ ከጠቀሰው ሰባት ምዕራፍ በኋላ። ጽድቅ በ15 ተቆጠረ፣ በ22 ታየ፤ ያዕቆብ ራሱ በ2፥23 የዘፍጥረት 15ን ቃል ጠቅሶ «ተፈጸመ» ይላል። ኤፌሶን 2ን የምትወዱ ሰዎች ቁጥር 9 ላይ አትቁሙ። ቁጥር 10 ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ከሥራ አልዳንም፤ ለሥራ ግን ተፈጥረናል። ፍሬ ጨርሶ የማይታይበት ሰው «እምነት አለኝ» ሲል የማመን ግዴታ የለብንም፤ ያዕቆብም አላመነውም።

በረከትን በገንዘብ ለምትሸጡ ነገሬ አጭር ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 8፥20ን አንብቡ። ጴጥሮስ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ለመጣው ለሲሞን የመለሰው መልስ ለሻጩም ይሠራል።

ስትወድቁ ምን ታደርጋላችሁ? አትዘግዩ፤ መጀመሪያ ራሴን ላጽዳ የሚለው ሐሳብ የድሮው መዝገብ ነው። በደሉን በስሙ ጥሩት። «ተሳስቻለሁ» ብቻ አይበቃም፤ ዋሽቻለሁ፣ ሰርቄአለሁ፣ አመንዝሬአለሁ በሉ። «ግን እርሱም ደግሞ» የሚለውን ቁረጡት። ካሳ እንዲሆን ስእለት አትጨምሩበት፤ «ይህን ከማርከኝ ይህን አደርጋለሁ» ማለት ስለ ዋጋ መከራከር ነው። በሉቃስ 18 ከፈሪሳዊው ጋር የቆመው ቀራጭ የጸለየው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ጻድቅ ሆኖም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የበደላችሁት ሰው ካለ ግን ነገሩ በዚህ አያልቅም፤ ወደ እርሱ ሂዱ። ለእግዚአብሔር የሚከፈል የለም፣ ለጎረቤት የሚመለስ ግን አለ። በዘኍልቍ 5፥7 በደሉን የሚናዘዝ ሰው የወሰደውን ሙሉ በሙሉ መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምራል፤ መቶ የወሰደ መቶ ሃያ ይመልሳል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ የሀብቱንም እኩሌታ ለድሆች። ይህን ያለው ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ብሎ ከጠራው በኋላ እንጂ የመግቢያ ዋጋ አድርጎ አይደለም። ተበዳዩ ይቅር አልልም ቢላችሁም መልሱለት።

የሞት አልጋ አጠገብ ስትቀመጡም ተጠንቀቁ። «አይዞህ፣ አንተ ደግ ሰው ነበርህ፣ ለስንቱ ደረስህ» ማለት የተለመደ ማጽናኛ ነው፤ ግን ሰውየውን ወደ ራሱ ይመልሰዋል። እርሱ ደግሞ ከእናንተ የተሻለ ያውቃል፣ ያላያችሁትንም ያስታውሳል። ሉቃስ 23፥39-43ን ቀስ ብላችሁ አንብቡለት። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ያ ወንበዴ ባልንጀራውን ገሠጸ፣ ጥፋቱን አመነ፣ «አስበኝ» አለ፣ ከዚህ በቀር ምንም አላደረገም፤ በመስቀል ላይ ነበርና። ረጅም ጸሎት አታብዙ፣ ቃል ኪዳንም አታስገቡት። «የእገሌ ዕዳ አለብኝ» ካለ ስሙንና መጠኑን ጽፋችሁ ያዙ፣ ቤተሰቡም ይክፈል፤ ነገር ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ የእግዚአብሔር ይቅርታ ይጠብቅሃል አትበሉት።