መምህሩ ለምን አይዘልቅም?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «መምህራን በአንድ ትምህርት ቤት የማይዘልቁት የሥራ ጫናው ስለሚያስመርራቸው ነው።» ተከራካሪዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት የለቀቀ የሒሳብ መምህርና የሌላ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው።

መምህሩ፦ በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ማታ ደግሞ ደብተር ማረም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወላጅ በቴሌግራም ይመጣል፤ «ልጄ ለምን 8 አመጣ?» መጨረሻ ላይ ደብተሩን ሳላነብ ራይት ማድረግ ጀመርኩ። ልቤ ከዚያ ግቢ የወጣው ያኔ ነው። ውሌም የ10 ወር ነበር፤ ሐምሌና ነሐሴ ደሞዝ የለም። ክረምት ሲሆን ለማያውቀኝ ቤት ምን ታማኝነት ልስጥ?

ዳይሬክተሯ፦ «ሳላነብ ራይት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ወላጅ የሚከፍለው ለዚህ ነው? እኔ ክፍለ ሀገር ሳስተምር በአንድ ክፍል 70 ተማሪ ነበረኝ፤ ደብተሩን ግን አነብ ነበር። የዛሬ መምህር ትንሽ ብር ከጨመሩለት ጥር ላይ ልጆቹን ጥሎ ይሄዳል። ይሄ ጫና ነው እንዴ?

መምህሩ፦ ጥር ላይ የሄድኩት እኔ አይደለሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንደሚለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ማርክ አስረክቤ ነው የወጣሁት። 70 ደብተር ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጡት 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ያውም አንድ ክፍል ብቻ። ስንት ክፍል ያስተምሩ ነበር?

ዳይሬክተሯ፦ የሒሳብ መምህር መሆንዎን አይተናል፣ እናመሰግናለን። ደብተር ለማንበብ ያልተገኘ ጊዜ ለማስላት ተገኘ። እኛ ጋ መምህር ይከበራል። የእረፍት ሻይ እንኳ በነጻ ነው።

መምህሩ፦ ስንት ክፍል እንደነበር አልነገሩኝም። ሻይዋን ግን አውቃታለሁ። እረፍት 15 ደቂቃ ነው። ተረኛ ከሆንኩ ግቢ ውስጥ ልጅ ሳባርር እሷ ስታፍ ቁጭ ብላ ትቀዘቅዛለች። ደወል ሲደወል አንዴ ጎንጨት፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ክፍል። የተከበርኩት በዚህ ነው?

ዳይሬክተሯ፦ ሻዩን እንተወው፤ ባላነሳው ይሻል ነበር። መምህር ይደክመዋል፣ ማን ካደ? የኔ ጥያቄ የደከመው ሰው ያላነበበውን «አርሜያለሁ» ብሎ ይፈርማል ወይ ነው። ለማንኛውም ለመስከረም የሒሳብ መምህር እንፈልጋለን። ደብተር የሚያነብ።

መምህሩ፦ ደሞዙ የ12 ወር ነው?