ግራፉን ለማን ሠራችሁት?

ወገኖቼ፣ ቁጥርን በሥዕል የምታስረዱ ሁሉ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው።

የወረርሽኝ ስርጭት ወይም የበጀት ድልድል ሲገለጽ ባለ ብዙ ቀለም ግራፍ ሠርታችሁ በፎቶ መልክ ትለጥፋላችሁ። ማየት የተሳናት እህታችን በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብ ድምፅ አንባቢ ስልኳን ስታስነብብ ግን የምትሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ምስል»። አንዳንዴም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት የፋይል ስም ይነበብላታል። ስለ ጤናዋና ስለ ግብሯ የተነገረው ሁሉ ከዚያ ቃል ጀርባ ተቆልፎ ይቀራል። ይባስ ብላችሁ የአካል ጉዳተኞችን ብዛት የሚያሳየውን ግራፍ እንኳ በዚሁ መልክ ታወጣላችሁ። ሰውን ቆጥሮ ቁጥሩን ከተቆጠረው ሰው መደበቅ ምን ይባላል?

«ጥቂቶች ናቸው» አትበሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይናገራል። ቀይና አረንጓዴን የማይለየው ሰውም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል፤ በተለይ በወንዶች ዘንድ የተለመደ ነው። ትርፉን በአረንጓዴ፣ ኪሳራውን በቀይ ስትስሉ ሁለቱ መስመሮች ይመሳሰሉበታል። ስብሰባ ላይ «ቀዩን ተመልከቱ» ስትሉት አፍሮ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይጠይቃችሁም።

ቀለም ተዉ አላልኩም። አንዱን መስመር ቁርጥርጥ አድርጉት፤ ስሙንም ከጫፉ ላይ ጻፉት። በነጭ ላይ የፈዘዘ ቢጫ ይቅር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለመረዳት የሚያስፈልጉ የግራፍ ክፍሎች ከአጠገባቸው ካለው ቀለም ጋር ቢያንስ የ3 ለ 1 ንጽጽር፣ ማለትም የድምቀት ልዩነት፣ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ማውዝ ሲያርፍበት ብቻ ብቅ የሚል ቁጥርም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው እንደሌለ ነውና በኪቦርድም ይገኝ።

በምስሉ ላይ ስለሚታከለውና ድምፅ አንባቢው በምስሉ ፋንታ ስለሚያነበው አማራጭ ጽሑፍ ግን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ስንፍናችን ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። «የዝናብ መጠን ግራፍ» ብሎ ማለፍ የፖስታውን አድራሻ አንብቦ ደብዳቤውን እንደ መከልከል ነው። «ዝናቡ እስከ ሐምሌ በየወሩ ጨመረ፤ በነሐሴ በግማሽ ቀነሰ» በሉ። ግራፉን የሠራችሁት ይህን ለማለት አልነበረም? ዓረፍተ ነገሩ አልመጣ ካላችሁ ግራፋችሁ ምን እንደሚል እናንተም አላወቃችሁም፤ ተመልሳችሁ አስቡበት። ከሥሩም ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ አስቀምጡ፤ ሰንጠረዡ ደግሞ ሌላ ፎቶ አይሁን፤ አድማጩ ረድፍ በረድፍ የሚሄድበት ጽሑፍ ይሁን።

«ለጠየቀ በኋላ እንልካለን» የሚለውንም ተዉት። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለሕዝብ የሚቀርብ መረጃ ለእነርሱም በጊዜውና ያለ ተጨማሪ ወጪ እንዲደርስ ያዛል። በጊዜው ማለት እናንተ ባነበባችሁበት ሰዓት ማለት ነው።

ቀጣዩን ግራፍ ከማውጣታችሁ በፊት የስልካችሁን ድምፅ አንባቢ ክፈቱ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። የሰማችሁት «ምስል» ብቻ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ አታውጡት።